ውሃው ነሐሴ ላይ የት ይደርሳል?

ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ፣ የቦርከና ሜዳ ዳር፣ ከአባቴ የቀረ ሁለት ጥማድ መሬት አለን። ዱሮ ጨፌ ነበር። ቄጠማና ደንገል ይበቅልበታል፤ በክረምት ከብት አይገባበትም። እኔ ልጅ ሳለሁ አባቴና ጎረቤቶቹ ተባብረው ቦይ ቀደዱለት። ውሃው ወደ ወንዙ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ጤፍና ማሽላ ሲዘራበት ኖረ።

በ2009 ዓ.ም. እኔና ባለቤቴ አትክልትና ፍራፍሬ ልናለማበት ተነሳን። ግንቦት ላይ መሬቱን ላየው ሰው ያጓጓል። ጥቁር ነው፣ ለም ነው፣ ውሃም ቅርብ ነው። 60 የፓፓያ ችግኝ ተከልን። በመሃል በመሃሉ ቲማቲምና ቃሪያ አስገባን። ሁሉንም በሜዳው ላይ፣ እንዲሁ ደልዳላ መሬት ላይ ነው የተከልነው።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ በረታ። መጀመሪያ የፓፓያው የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሆነ። ቀጥሎ ቲማቲሙ ቀን ቀን ይጠወልግ ጀመር። አፈሩ ጭቃ ሆኖ ሳለ ተክሉ ውሃ የጠማው ይመስላል። መድኃኒት ከሚሸጥ ሰው ዘንድ ቅጠል ይዘን ሄድን። «ፈንገስ ነው» አለን። ገዝተን ሦስት ጊዜ ረጨን። ነሐሴ ሳያልቅ 60ውም ፓፓያ ወደቀ።

ከጎናችን የሚያርሱ አንድ አዛውንት አሉ። ሰፈሩ ሁሉ ሼኽዬ ነው የሚላቸው። አንዱን ፓፓያ ነቅለው ሥሩን ወደ አፍንጫዬ አስጠጉት። የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል።

«ልጄ፣ ይሄ አልታመመም። ታፍኖ ነው የሞተው» አሉኝ። እንባዬ ሲመጣ ደግሞ «አብሽሪ፤ መሬቱ አልከዳሽም፤ ከፍ አድርጊለት» አሉ።

የዛሬውን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚያች «ከፍ አድርጊለት» ለምትል ቃል ነው፤ አፈሩን ከዙሪያው ከፍ አድርጎ መደብ ስለማውጣት። ረግረግ የነበረ መሬት ያላችሁ፣ በተለይ በኮምቦልቻ ዙሪያና ወደ ሐርቡና ከሚሴ ባለው ሜዳ፣ እኔ የከፈልኩትን እንዳትከፍሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥር ይተነፍሳል። አፈር ውስጥ ባሉት ትናንሽ ቀዳዳዎች አየር አለ። ቀዳዳዎቹ በውሃ ሲሞሉ የቀረችው አየር በአንድ ሁለት ቀን ታልቃለች። ሥሩ ሲታፈን ውሃ መሳብ ያቆማል፤ ተክሉ ጭቃ ላይ ቆሞ የሚጠወልገው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ አየር ባጣ አፈር ውስጥ ናይትሮጅኑ ወደ ጋዝነት ተለውጦ ይበናል። ቅጠሉ ቢጫ ሆነ ብላችሁ ውሃ በተኛበት መሬት ላይ ዩሪያ ብትበትኑ ገንዘብ መበተን ነው። ፓፓያ ደግሞ ከሁሉም ቶሎ ይሸነፋል። ሁለት ሦስት ቀን ሥሩ ውሃ ውስጥ ከዋለ ብዙ ጊዜ አይተርፍም።

በቀጣዩ ዓመት ምንም አልተከልንም። ይህ ከባድ ነበር፤ ቤተሰቡም ተቆጣ። ግን ያ ዓመት ከሁሉም የበለጠ ጠቀመኝ። ሦስት ቦታ ላይ አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፈርን። አንዱ ከላይ፣ አንዱ መሃል፣ አንዱ ወደ ወንዙ በኩል። በየጉድጓዱ ሴንቲ ሜትር የተቀረጸበት ዱላ ተከልን። ልጆች እንዳይገቡባቸው በእሾህ አጠርናቸው። ከሰኔ እስከ ጥቅምት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ውሃው ከመሬቱ አፍ ስንት ሴንቲ ዝቅ ብሎ እንደሚገኝ እየለካሁ ደብተር ላይ ጻፍኩ። ግንቦት ላይ የጉድጓዱ ወለል እንኳ ደረቅ ነበር። ነሐሴ ላይ በታችኛው ጉድጓድ ውሃው ከአፉ 15 ሴንቲ ላይ ደረሰ። የመደቡ ከፍታ የሚሰላው ከዚህ ቁጥር ተነስቶ ነው። ግንቦት ላይ መሬት አይቶ መደብ የሚሠራ ሰው መሬቱን ገና አላየውም።

ለጎመን፣ ለቆስጣ፣ ለሰላጣና ለሽንኩርት ከመደቡ አናት እስከ ውሃው ቢያንስ 40 ሴንቲ እንዲኖር ነው የማደርገው። ለቲማቲም 50 ቢሆን ይሻላል። ለፍራፍሬ ዛፍ ደግሞ 80 ሴንቲም አንድ ሜትርም ያስፈልጋል።

ከፍታው ከየት ይመጣል? ከቦዩ። መደቡን ከግራም ከቀኝም እጄ መሃሉ ላይ እንዲደርስ 1 ሜትር ከ20 አደረግሁት። በየመደቡ መሃል 60 ሴንቲ ስፋትና 40 ሴንቲ ጥልቀት ያለው ቦይ ይወጣል። የቦዩ አፈር መደቡ ላይ ሲዘረጋ 20 ሴንቲ ያህል ከፍ ያደርገዋል። ሲቆፈር ስለሚላላ መጀመሪያ ከዚያ የበለጠ ይመስላል፤ አትታለሉ፣ አንድ ክረምት ሲመታው ይቀመጣል። ፍግና ብስባሽ ሲጨመርበት ሌላ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ይገኛል። ቦዩ ራሱ ደግሞ ውሃውን ዝቅ ያደርገዋል።

ይህ ለእኛ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። ዋልካ፣ ማለት ጥቁሩን የሚያጣብቅ አፈር፣ የሚያርስ ገበሬ ስንዴው ላይ ውሃ እንዳይተኛበት ሹሩቤ የሚባለውን መደብና ቦይ ያወጣ የለ? ያ ነው። በ1980ዎቹ (እንደ ፈረንጆቹ) አዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ የእንስሳት ሀብት ምርምር ማዕከል ከሌሎች ጋር ሆኖ ሁለት ማረሻ አያይዞ በበሬ የሚጎተት ሰፊ መደብ ማውጫ ሠርቶ ነበር። ለእህል ጥሩ ነው። ለአትክልት ግን ከዚያ ከፍ ያለ መደብ ይፈለጋል፤ ስለዚህ በዶማና በአካፋ ነው የምንሠራው። አንድ 10 ሜትር መደብ ከነቦዩ ለሁለት ሰው የአንድ ቀን ሙሉ ሥራ ነው። ዋልካው ሲረጥብ አካፋ ላይ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ነው። ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር ላይ፣ አፈሩ በእጅ ሲጨበጥ ተጠቅልሎ ሲጫኑት የሚበታተን ሲሆን ነው ጊዜው።

የመጀመሪያዎቹን አራት መደቦች ስንሠራ አንድ ትልቅ ስህተት ሠራን። አፈሩን እንደወጣ ከመርነው። የላይኛው ጥቁር አፈር ከሥር ገባ፤ ከቦዩ ወለል የወጣው ግራጫ የሚያጣብቅ ሸክላ ከላይ ሆነ። ካሮት ዘራንበት። ፀሐይ ሲመታው እንደ ምጣድ ተጋገረ፤ ከአሥር ፍሬ አንድ እንኳ አልበቀለም። አሁን መጀመሪያ የላይኛውን 20 ሴንቲ አፈር ገፈን ወደ ጎን እናስቀምጣለን። ከታች የሚወጣውን ሸክላ ከሥር እናደርጋለን። ጥቁሩን መልሰን ከላይ እናለብሰዋለን። ድካሙ እጥፍ ነው፤ ግን ዝለሉት የምል ሰው አይደለሁም። ከዚያ በኋላ መደቡን ማንም አይረግጠውም። ልጆቼ እንኳ ያውቃሉ። የተረገጠ ዋልካ መልሶ ለመተንፈስ ረጅም ጊዜ ይፈጅበታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ መውጫው። መደብ ሠርቶ ለቦዩ መውጫ አለማበጀት ሽንት ቤት ሠርቶ ጉድጓድ አለመቆፈር ነው። ቁፋሮ የሚጀመረው ከታች፣ ውሃው ከሚወጣበት ነው። ግንበኞች ውሃ ልክ የሚይዙበትን ነጭ ጎማ ተውሰን ለካን። በ100 ሜትር ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ዝቅታ በቂ ነው። ከዚያ ከበለጠ ጎርፉ ቦዩን ይበላዋል፤ ካነሰ ደለል ይተኛል።

በ2011 ክረምት የእኛ ውሃ በሚገባ ወጣ። ወጥቶ ግን ከታች ባለው ጎረቤት ጤፍ ላይ ተኛ። እሱ በሌለበት ነው ያደረግነው፤ አልነገርነውም፤ ጥፋቱ የእኛ ነበር። ነገሩ ወደ ክስ ሊሄድ ሲል ሼኽዬና ሁለት ሽማግሌዎች ገቡ። ቡና ተፈልቶ፣ ዱዓ ተደርጎ፣ ቦዩ በሁለታችን ድንበር ላይ እስከ ወንዙ እንዲቀጥልና ቁፋሮውን እኛ እንድንሸፍን ተስማማን። ካሳም ከፈልን። ዛሬ ያ ጎረቤት ራሱ ስድስት መደብ አለው። ስለዚህ አካፋ ከማንሳታችሁ በፊት ከታች ያለውን ሰው ቤት አንኳኩ። ውሃ ከእናንተ ማሳ ሲወጣ አንድ ቦታ ይደርሳል።

ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ውሃውን ሳባርር ከርሜ፣ ጥር ላይ ሳጣው ዋልካው ተሰነጠቀ፤ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ። አሁን ጥቅምት ሲጋመስ የቦዩን አፍ አፈር በሞላ ጆንያ እንደፍነዋለን። ውሃው ከመደቡ አናት 50 ሴንቲ ዝቅ ብሎ እንዲቆም አድርገን እንይዘዋለን። ከበዛ አንድ ጆንያ ማንሳት ነው። መደቡ ጠባብ ስለሆነ እርጥበቱ ከግራም ከቀኝም ሰርጎ ሥሩ ጋ ይደርሳል። እስከ ጥር መጀመሪያ ድረስ ባልዲ አላነሳም። አናቱ ላይ ድርቆሽ ወይም የማሽላ አገዳ ጉዝጓዝ ከተደረገ ደግሞ ይበልጥ ይቆያል።

በሜክሲኮ አገር ዋና ከተማ ደቡብ ሶቺሚልኮ የሚባል ሰፈር አለ። አዝቴኮች የሚባሉ የጥንት የአገሩ ሰዎች ከመቶዎች ዓመታት በፊት ጥልቀት በሌለው ሐይቅ ላይ ቺናምፓ የሚባል ጠባብ መደብ ሠርተው ያመርቱ ነበር። እስከ ዛሬ የሚያርሱበት አለ። ዩኔስኮም በ1987 (በፈረንጆቹ) በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ከእነሱ የወሰድኩት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከቦዩ ወለል የሚወጣው ደለል ማዳበሪያ ነው። ኅዳር ላይ ቦዩን ስንጠርግ ደለሉን መደቡ ላይ እንዘረጋዋለን፤ ሳምንት ፀሐይና አየር ካገኘ በኋላ እንኮተኩተዋለን። ሁለተኛ፣ የመደቡን ጠርዝ የሚይዝ ተክል ያስፈልጋል። እነሱ የአኻያ ዓይነት ዛፍ ይተክላሉ። እኛ ደሾና ቬቲቨር የሚባሉ ሣሮች ተከልን። ጠርዙ መናዱን አቆመ፣ ላሟም መኖ አገኘች።

ጥረጋውን አንድ ዓመት መዝለል ምን እንደሚያመጣ ሳልወድ አይቻለሁ። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ኮምቦልቻ ሲደርስ ሁሉን ትተን ወጣን። ስንመለስ ሽንኩርቱ የለም፣ ፓምፑ የለም፣ ቦዩ በደለልና በአረም ሞልቷል። በቀጣዩ ሐምሌ ውሃው መደቡ ላይ ወጣ። ሰው መትረፉ ይበቃናል ብለን እንደገና ቆፈርን።

ስለሚተከለው ልንገራችሁ። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,850 ሜትር ነው፤ ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። 25 ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ነው፤ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ የገባ ሰው ግን ሌላ አገር ገባ ማለት ይቻላል። ደሴ ላሉ ዘመዶቼ ድንች፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ነጭ ሽንኩርት ነው የምመክረው። እዚህ ለእኛ የሚሠራውን ነው የምናገረው።

ክረምቱን ሙሉ መደቡ ላይ የሚውሉት ቆስጣ፣ ያበሻ ጎመንና ጥቅል ጎመን ናቸው። ቲማቲም በክረምት ትቻለሁ። ሥሩ ቢድንም ቅጠሉን ዝናቡ አይምረውም። ውሃ የነካው የሚመስል ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ይወጣና በሳምንት ማሳውን ይጨርሰዋል። ችግኙን ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከጣሪያ ሥር አፍልቼ መስከረም መጨረሻ አዛውራለሁ፤ በእንጨት እደግፈዋለሁ። አጠውልግ የሚባለው የባክቴሪያ በሽታ ግን በውሃ ይሄዳል። አንድ ተክል አረንጓዴ እንዳለ ድንገት ከጠወለገ ግንዱን ቆርጣችሁ ንጹሕ ውሃ በያዘ ብርጭቆ አንጠልጥሉት። ነጭ ክር መሳይ ነገር ከወረደ እሱ ነው። ነቅላችሁ አውጡ፤ በዚያ መደብ ላይ ለሦስት ዓመት ያህል ቲማቲም፣ ቃሪያም ሆነ ድንች አትመልሱ።

ቀይ ሽንኩርት የእኛ ዋና ገቢ ነው። ቦምቤ ሬድ ነው የምንተክለው። መስከረም ላይ ይፈላል፣ ጥቅምት መጨረሻ ይዛወራል፣ የካቲት ላይ ይወጣል። ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ጆንያዎቹን እናነሳለን፤ ውሃ ጠጥቶ የወጣ ሽንኩርት ቤት ውስጥ ይበሰብሳል። የበልግ ዝናብ ሳይደርስ ማንሳት ነው።

ፍራፍሬው ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። አቮካዶ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለት ጊዜ ቀብሬአለሁ። ሥር አበስብስ አይለቀውም፤ ረግረግ ላይ ባትሞክሩት እላለሁ። ዘይቱንን (ጓቫን) ከሁሉም ቻይ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሙዝ ውሃ ይወዳል፤ የተኛ ውሃ ግን አይወድም፤ በመደቡ ዳር፣ ከቦዩ ከፍ አድርጌ ነው የምተክለው። ለማንጎና ለብርቱካን ለየብቻቸው አንድ ሜትር ከፍታና ሁለት ሜትር ተኩል ስፋት ያለው ጉብታ ሠራን። ጉብታውን አንድ ክረምት ሳንተክልበት አሳደርነው። ቶሎ ብለን ብንተክል ኖሮ አፈሩ ሲቀመጥ ችግኙም አብሮ ይሰምጥ ነበር። ብርቱካን ላይ የተዳቀለበት ቦታ ከአፈሩ ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ይታይ፤ ከተቀበረ አንገቱ ይበሰብሳል። ፓፓያስ? ከላይኛው ጉድጓድ አጠገብ፣ መሬቱ ከፍ ባለበት፣ 12 ዛፍ አለኝ። ሲያፈሩ ለሼኽዬ የመጀመሪያውን ወሰድኩላቸው።

ውሃ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ የግድ ነው። በኮምቦልቻ ዙሪያ የፋብሪካ ፍሳሽ የሚገባባቸው ወንዞች አሉ፤ ጥናት ያደረጉ ሰዎች እንደ ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች አግኝተውባቸዋል። ከባድ ብረት በመቀቀልም በማጠብም አይወጣም። እንዲህ ካለ ወንዝ ሰላጣና ቆስጣ አታጠጡ። ቦያችሁ ከወንዙ ጎርፍ እንዳይመለስበት አፉ ላይ መዝጊያ አድርጉ። እኛ የምናጠጣው ከራሳችን መሬት በተጠራቀመ ውሃና ከእጅ ጉድጓድ ነው። እንዲያም ሆኖ በጥሬው የሚበላውን በንጹሕ ውሃ አጥበን ነው የምንሸጠው፤ ታይፎይድና አሜባ ቀልድ አይደለም።

ወባም አለ። በጥቅምትና በኅዳር የተደፈነ ቦይ ለትንኝ ምቹ ነው። በየሳምንቱ ቢያንስ አንዴ ጆንያውን ከፍተን ውሃውን እናድሰዋለን፤ ከውሃው ላይ ሣርና አረሙን እናነሳለን። ቤት ውስጥ ሁላችንም አጎበር ውስጥ ነው የምንተኛው። ይህን ሳያስቡ መደብ የሠሩ ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው ጤና ጣቢያ ሲመላለሱ አይቻለሁ።

አንድ ነገር በልቤ አለ። ይህን አንብቦ ገና ያልተነካ ጨፌ ለማድረቅ የሚነሳ ሰው ካለ እባካችሁ ተዉት። እኔ የምናገረው ቀድሞ ስለደረቀ መሬት ነው። ጨፌ የክረምቱን ጎርፍ ይይዛል፤ በበጋ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ከኮምቦልቻ በታች ያለው የጨፋ ረግረግ በበጋ ስንት የአፋርና የኦሮሞ ከብት እንደሚያተርፍ አስቡ። በእኛም ሁለት ጥማድ ውስጥ ወደ ወንዙ በኩል ያለውን ጥግ መልሰን ለቄጠማው ትተነዋል። ከመደቦቹ የሚወጣው ውሃ መጀመሪያ እዚያ ይገባል፤ ደለሉን ጥሎ ጠርቶ ይወጣል። ለዒድም ለፋሲካም ጎረቤቱ ሁሉ ቄጠማ የሚያጭደው ከዚያ ነው። ወፉም ተመልሷል።

ዘንድሮ መጀመር የምትፈልጉ ካላችሁ ሰኔ ሳይገባ ጉድጓዶቹን ቆፍሩ። ዱላ ትከሉ፤ ደብተር ያዙ። ኅዳር ላይ አንድ 10 ሜትር መደብ ብቻ ሥሩና ቆስጣ ዝሩበት። እኔ ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ እለካለሁ። ባለፈው ነሐሴ፣ በታችኛው ጉድጓድ በኩል፣ ውሃው ከመደቡ አናት 52 ሴንቲ ላይ ቆሟል።